ካርታ ይዤ የተነሳሁበት ቅዳሜ

ሚኒሶታ ውስጥ፣ ከአውራ ጎዳናው የሻኮፒ መውጫ ላይ ወደ ቀኝ የታጠፈ ሰው መጋዘኖቹ ጋ ይደርሳል፤ ወደ ግራ የታጠፈ ካርታ ቤቱ ጋ። እኔ ሁለት ዓመት ወደ ቀኝ ታጠፍኩ፤ ከዚያ ሦስት ዓመት ከምናምን ወደ ግራ። አሁን በዚያ በኩል የምነዳው አልፎ አልፎ ነው። በረዶ ጥሎ ያደረ ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ ግን እጄ ሳላዘው የግራውን ፍሬቻ ያበራል፤ ከኋላዬ ያለው ሾፌር ሲጠብቀኝ ቆይቶ ጥሩምባ ይነፋብኛል።

«ፕሮፌሽናል የፖከር ተጫዋች ነበርኩ» ስል ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሁን ግን ተውከው አይደል?» ይለኛል፣ ከሳምባ በሽታ የዳንኩ ይመስል። አዎ፣ ትቼዋለሁ። ይናፍቀኛልም። የሚናፍቀኝ ግን ማሸነፉ አይደለም፤ ያሸነፍኩባቸው ቀኖች ጥቂት ስለሆኑ ለናፍቆት አይበቁም። የሚናፍቀኝ ረፋዱ ነው። የካርታ ቤቱ ምንጣፍ ተጠርጎ ሳያልቅ፣ ሰዉ ከባድ ካፖርቱን ወንበር ላይ እየሰቀለ፣ በወረቀት ኩባያ ቡናውን ይዞ የመቀመጫ ቁጥሩን ሲፈልግ። ከዚያ ካርታ ይታደልና መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ቺፑን፣ በገንዘብ ፋንታ የሚቆጠረውን ክብ ፕላስቲክ፣ ማንኳኳት ይጀምራል። መቶ ሰው አውቶብስ ፌርማታ ላይ በብርድ ጥርሱን ቢያንገጫግጭ እንደዚያ ነው ድምፁ።

ተርናመንት፣ የካርታ ውድድሩ፣ ብዙ ሰው ቁማር ሲባል የሚያስበው ነገር አይደለም። ሁሉም እኩል መግቢያ ከፍሎ ይገባል፤ ለሁሉም እኩል ቺፕ ይሰጠዋል፤ ቺፑ ያለቀበት ተነስቶ ካፖርቱን ለብሶ ይሄዳል። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር በየዙሩ በግድ የምታስገባው ቺፕ ስለሚጨምር ዝም ብለህ መጠበቅም አትችልም። በመጨረሻ ያልተነሳ ሰው ያሸንፋል። ሙያው ሲጨመቅ መቀመጥ ነው፤ ቁጭ ብሎ ስምንት ሰው ማየት።

ማየቱን ያስተማረኝ ግን ፖከር ተጫውቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ከመጋዘኑ ሥራ ጎን ለጎን ለተወሰነ ጊዜ ታክሲ እነዳ ነበር። ፎርት ስኔሊንግ አጠገብ፣ የኤርፖርት ሾፌሮች ተራ የሚጠብቁበት ግቢ ውስጥ፣ የተጣጣፊ ጠረጴዛ ዙሪያ ኮንከር የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው የድሬዳዋ ሰው ነው፤ ድሮ ባቡር ጣቢያ ትኬት ይቆርጥ ነበር። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። መጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ስለው ዞሮ ከጀርባው ሰው ፈለገና «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለኝ። እንደ አገሩ ልጆች ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚለው፣ ሲወድ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንተ» እያልኩት ቀረሁ።

«ካርታሽን ለምን ታፈጪበታለሽ?» ይለኝ ነበር። «አይለወጥም እኮ። ሰውየውን እዪ። ሰው ነው የሚለዋወጠው።»

በዚያ ግቢ የተሸነፈ ሻይ ይገዛል፣ ሌላ የሚከፈል ነገር የለም። ሕግ የሚባለውም አንድ ነው፦ የተነሳ ሰው ካርታ አይነካም። ሾፌር ተራው ሊጠራ ይችላል፣ ሚስቱ ልትደውል ትችላለች፣ የሚሰግደው ሊሰግድ ይሄዳል። ካርታውን ደፍቶ ይነሳል፤ ሲመለስ እንደደፋው ያገኘዋል። አንድ ጊዜ አንዱ ሾፌር ካርታውን ደፍቶ መንገደኛ ይዞ ሄደ፤ ተመልሶ የቀረውን የጨረሰው በማግስቱ ነው። ካርታው በአመድ መተርኮሻ ተጭኖ አድሮ ነበር። ያሸነፈው እሱ ነው፤ ማንም ቅር አላለውም።

ጋሼ ሻይ ሲገዛ አይቼ አላውቅም። ሰው ካርታ ከመሬት ሲያነሳ የትኛው ጣቱ እንደሚቀድም፣ የሚፈልገው ሲመጣ ትንፋሹ የት እንደሚቆም ያውቃል። አጠገቡ ተቀምጬ ያንን ስማር ከረምኩ። መጋዘን ውስጥ አብሮኝ ሳጥን የሚጭን ልጅ አንድ እሁድ ወደ ትንሽ ተርናመንት ይዞኝ ሲሄድ ሕጉን በመንገድ ላይ መኪና ውስጥ ነው ያስረዳኝ። ከስድሳ ምናምን ሰው ሦስተኛ ወጣሁ። ስድስት ወር ሳይሞላኝ መጋዘኑን ለቀቅኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን መንገድ ነው። ሚኒሶታ ሰሜን ሐይቆቹ ዳር ያሉ ካዚኖዎች፣ ዊስኮንሲን፣ አዮዋ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነስቼ፣ የመኪናዬን መስታወት ፍቄ፣ ከባድ ምግብ እንዳያስተኛኝ እንቁላልና ሙዝ በልቼ፣ ሦስት ሰዓት ድራይቭ አድርጌ፣ አንዳንዴ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ወጥቼ ያንኑ ሦስት ሰዓት እመለሳለሁ። ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ነው። የተርናመንት ተጫዋች ብዙ ቀን ተሸንፎ የሚመለስ ሰው ነው፤ ጥቂቶቹ ጥሩ ቀኖች ሌላውን ይሸከማሉ፣ ከተሸከሙ። መንገዱ ላይ ግን ግጥም ነበር። ትምህርት ቤት ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ቤት መምታቱን በጆሮዬ ነው ያገኘሁት። ጠረጴዛ ላይ ስልክ ስለማይፈቀድ ሁለት ሁለት መስመር በአፌ ውስጥ እያኘክሁ እቆይና ዕረፍት ሲደርስ የመግቢያ ደረሰኜ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። አንዷ እስከ ዛሬ ትዝ ትለኛለች፦

ካርታውን ሳይሆን ጣቱን አየሁት፣
ሲደብቀኝ ውሎ ሲነግረኝ አገኘሁት።

ትልቅ ግጥም አይደለችም። ግን ሰውየውን አስታውሰዋለሁ፤ ዱሉዝ አጠገብ ነበር፣ የጋብቻ ቀለበቱን ያዞር ነበር ሲዋሽ።

በዚያ ዘመን የምኖረው ዌስት ሴንት ፖል፣ እህቴ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። እህቴ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ ነርስ ናት፤ እሁድ እሁድ አማርኛ ቸርች ውስጥ መዘምራን ፊት ቆማ ታጨበጭባለች። ቸርች ሰዎች ስለኔ ሲጠይቋት «ኮምፒውተር ነገር ይሠራል» ትላለች። ውሸት መናገር ስለማትወድ ላፕቶፕ ገዛችልኝ።

ሦስት ዓመት እንደሞላኝ መስከረም ላይ ጣጣ መጣ። ሁለት ወር ሙሉ ምንም አላገኘሁም ነበር። እህቴ የልብስ ማጠቢያው አጠገብ ቆማ ካልሲ እያጠፈች፣ ሳታየኝ፣ ቀን ቆረጠችልኝ።

«እስከ ታንክስጊቪንግ» አለች፤ ኅዳር አጋማሽ ላይ የሚውለው የምስጋና በዓል ነው። «ያንን የምትለውን የላስ ቬጋስ ወንበር ካገኘህ አፌን እዘጋለሁ። ካላገኘህ ጃንዋሪ ላይ ኮሌጅ ትገባለህ።»

«የምን ኮሌጅ?»

«የመተንፈሻ ቴራፒ። ሰው እንዲተነፍስ ትረዳለህ።»

«እኔ ማንን አፈንኩ?»

«እኔን» አለች፤ ካልሲውን ደረቴ ላይ ወረወረችው።

ወንበር የምትለው ይህ ነው። በየዓመቱ በጋ ላይ ላስ ቬጋስ የሚደረግ ትልቅ ተርናመንት አለ፤ መግቢያው እንደኔ ዓይነቱ በሕልሙም የማይነካው ነው። ነገር ግን አነስ ያለ ተርናመንት ገብተህ መጨረሻ ድረስ ከቆየህ ያንን መግቢያ ይሰጡሃል። እዚያ የገባ ሰው፣ ባያሸንፍም፣ ተጫዋች ነኝ ብሎ ለመናገር አያፍርም። ለእኔ ያኔ ከዚያ በላይ የሚፈለግ ነገር አልነበረም። ሻኮፒ ያለው ካርታ ቤት ያንን ዓይነቱን ያዘጋጀው ከታንክስጊቪንግ በፊት ባለው ቅዳሜ ነበር። ስድስት ወንበር።

ከመቶ በላይ ሆነን ነው የጀመርነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ዘጠኝ ሰው ቀርተን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተሰበሰብን። ሦስት ሰው ከወጣ የቀረነው ስድስት ላስ ቬጋስ እንሄዳለን። እኔ በቺፕ ከታች ሁለተኛ ነኝ፤ አንድ ጥሩ ካርታ ያስፈልገኛል፣ አንድ ብቻ። በቀኜ የዓሣ አስጋሪ ቆብ ያደረጉ፣ ስድሳውን ያለፉ ሴት ተቀምጠዋል፤ ጥሩ ካርታ ሲመጣላቸው ማስቲካ ማኘካቸው ይዘገያል። ከእሳቸው አልፎ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ ሰው አለ፤ ቺፑ ከኔ ትንሽ ይበልጣል፤ ሲፈራ አውራ ጣቱን ይደብቃል።

ካርታ ታደለ። ጫፉን ቀና አድርጌ አየሁ፦ ሁለት ንጉሥ። ከዚያ የሚበልጥ አንድ ጥንድ ብቻ ነው ያለው። ፊቴን እንደተማርኩት አደረግሁ፤ ማለትም ምንም አላደረግሁም። አረንጓዴ ጃኬቱ ትንሽ አሰበና ቺፑን በሙሉ ወደ መሃል ገፋው። አውራ ጣቱ የለም። ፈርቷል፣ ከኔ ያነሰ ነው የያዘው፣ እጥፍ እሆናለሁ፣ አለቀ። ሴትየዋ ደግሞ ማሰብ ጀመሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ተራው የእኔ ነው።

እሳቸው እስኪወስኑ ቀና አልኩ። በሩ ተከፈተ፤ ጋሼ ገባ።

ጋሼ ካርታ ቤት ረግጦ አያውቅም። ሻኮፒ መንገደኛ አድርሶ ሲመለስ «ትምህርቱ የት እንደደረሰ» ለማየት ጎራ ማለቱን በኋላ ነው የነገረኝ። በረዶ ኮፍያው ላይ እንዳለ፣ አዳራሹን እንደ ባቡር ጣቢያ እየቃኘ፣ በጠረጴዛዎቹ መሃል ወደኔ መጣ። እኔም ብድግ አልኩ።

«ኖር!»

አፌ ነው ያለው። እግሬ ነው የተነሳው። ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ፣ ሁለት እርምጃ ሄጄ፣ በሁለት እጄ ልጨብጠው ጎንበስ ብዬ ነበር። ካርታዬን ደፍቼ ነው የተነሳሁት፣ እንደ ግቢው ሕግ። የተነሳ ሰው ካርታ አይነካማ።

«በእግዜር፣ በእግዜር፣ ኧረ ተቀመጪ!» አለ ጋሼ፣ ደንግጦ። «ካርታ ይዘሽ አይደለም እንዴ? ተቀመጪ አቦ!»

ዞር ስል ሴትየዋ ካርታቸውን ጥለዋል፣ አዳይዋም የእኔን ሁለት ካርታ ስባ ከተጣሉት ጋር ቀላቅላዋለች። ጥፋቷ አይደለም። ካርታውን ገፍቶ ከወንበሩ የተነሳ ሰው ጥሎ የሄደ ነው፤ በዓለም ላይ ያለ ካርታ ቤት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያውቀው። ሌሎቹም ጣሉ። አረንጓዴ ጃኬቱ መሃል የነበረውን ቺፕ ሰበሰበና፣ ስለ ቀለለው ይመስለኛል፣ ካርታውን ገልብጦ አሳየን። ሁለት ስምንት።

የአዳራሹ ኃላፊ ተጠራ። ረጅም፣ መነጽር ያደረገ፣ ትሑት ሰው ነው። «አዝናለሁ» አለኝ፤ «ካርታው ከተቀላቀለ አይመለስም።» አውቃለሁ አልኩት። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር፣ ጋሼ ባይኖር።

ጋሼ እንግሊዝኛ አሳምሮ ይችላል፤ ሃያ ዓመት ኤርፖርት ሰው አመላልሷል። ሽምግልና ግን በእንግሊዝኛ አይሆንም ብሎ ስለሚያምን ኮፍያውን አውልቆ፣ ኃላፊው ፊት ቆሞ፣ ለእኔ በአማርኛ ማዘዝ ጀመረ።

«ንገሪው። ጥፋቱ የኔ ነው በይው። እኔ ባልመጣ አትነሺም ነበር።»

ተረጎምኩ። ኃላፊው በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። «ዘመድህ ናቸው?»

«ምን አለ?» አለ ጋሼ፣ እንዳልገባው።

«ዘመዴ ነህ ወይ አለኝ።»

«አዎ በይዋ!»

«ለዘመድም አይፈቀድም፣ ጋሼ።»

«እሺ፣ እርቅ ይሁን። እነሱም ይተዉ፣ አንቺም ተዪ። አዲስ ካርታ ይታደል። ማን ይጎዳል?»

አረንጓዴ ጃኬቱ «ይሄ ማነው፣ ጠበቃው?» አለ። ጠረጴዛው ሳቀ። ጋሼም ገባውና «ከጠበቃ እሻላለሁ፣ በነፃ ነኝ» አለው በእንግሊዝኛ፤ ሳቁ ባሰ። ባለ ቆቧ ሴት ማስቲካ ማኘካቸውን አቁመው ወደኔ አዘነበሉ።

«ለእኚህ ሰው ነው የተነሳኸው? ዝም ብለህ?»

«ታላቅ ሰው ሲገባ እንነሳለን።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ኃላፊው የጋሼን እጅ ጨብጦ፣ ወንበር አስመጥቶለት፣ ጠረጴዛዎቹን ከሚከልለው ገመድ ውጭ አስቀመጠው። ካርታዬን ግን አልመለሰም። ከዚያ በኋላ የነበረው አጭር ነው። በግድ የሚገባው ቺፕ ሁለት ዙር በላኝ፤ ሦስተኛው ላይ ባለችኝ ገባሁና ተበላሁ። ከእኔ በፊት አንድ ሰው ወጥቶ ነበር። ስምንተኛ ሆንኩ።

ካፖርቴን ሳነሳ ሴትየዋ እጄን ያዝ አደረጉ። «ልጄ፣ ሰላሳ ዓመት ነው እዚህ የተቀመጥኩት» አሉኝ። «ያ በር ምን ቀለም እንዳለው ብትጠይቀኝ አላውቅም።» ከዚያ ወደ ካርታቸው ተመለሱ። እኔ መውጣቴንም ያዩ አይመስለኝም። በኋላ እንደሰማሁት ላስ ቬጋስ ከሄዱት አንዷ ናቸው።

የጋሼ ታክሲ ውስጥ ገብተን ማሞቂያው እስኪሞቅ ተቀመጥን። በረዶው መስታወቱን እየሸፈነው ነበር። ጋሼ ሞተሩን አስነስቶ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ምን ነበር ካርታሽ?» አለኝ።

«ሁለትና ሰባት» አልኩት። ፖከር ላይ ከዚያ የባሰ ካርታ የለም። «ልጥለው ነበር።»

ፊቴን አየኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የማያውቁኝ ሰዎች ፊት ስዋሽ ማንም አልያዘኝም፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱን እሱ እንዳስተማረኝ እሱም እኔም እናውቃለን።

«ጆሮሽ ቀላ» አለ። «ስንት ነበር?»

«ሁለት ንጉሥ።»

መሪው ላይ ግንባሩን አስደገፈ። «እንደ ሴትየዋ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ብትቀመጪ ምን ነበረበት? እኔ እኮ ከመቼ ወዲህ ነው ኖር የምወደው?»

«አላሰብኩትም ጋሼ።»

«እህትሽ ምን ነበር ያለችው? እስከ መቼ?»

ነገርኩት። ከዚያ መኪና ማቆሚያው ጫፍ ላይ ወደ ቆመችው መኪናዬ አደረሰኝ።

በማግስቱ እሁድ፣ እህቴ ከቸርች ተመልሳ ምሳ እያቀረበች፣ በሩ ተንኳኳ። የስድስት ዓመት ልጇ ሮጣ ከፈተችና ወደ ውስጥ ጮኸች፦ «ማሚ! ዜር ኢዝ ኤ ማን ኢን ኤ ታይ!»፤ ከረባት ያሰረ ሰው መጣ ማለቷ ነው። ጋሼ ነበር። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ከረባቱ ሰፊ፣ ቀይ፣ ከሰማንያዎቹ የተረፈ ነው። እኔን እንደማያውቀኝ አለፈኝና እህቴ ፊት ቆመ።

«እንደምን ዋሉ፣ እመቤት» አላት። ጋሼ! ከአፉ «እርስዎ» ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። «ለሽምግልና ነው የመጣሁት።»

እህቴ ጭልፋውን ይዛ ቀረች። መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥሎ እሱን። ፊቷ ላይ ደስታ ሲወጣ አየሁት፣ ክፉኛ አዘንኩላት። «ውይ! ማናት? የማን ልጅ ናት?»

«ልጅ የለችም። ጊዜ ነው የምንለምነው።»

«የምን ጊዜ?»

ጋሼ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገራት፤ ከመንገደኛው፣ ከበረዶው፣ ከበሩ፣ እስከ ሁለቱ ንጉሥ። ራሱን እንደ ተከሳሽ አድርጎ ነው የተናገረው። «ይህ ልጅ የተሸነፈው በካርታ አይደለም፤ በኔ ነው። የቆረጡለትን ቀን እኔ ነኝ የበላሁበት። የበላሁትን ይተኩለት። እስከ ፋሲካ።»

«ጌታ ሆይ» አለች እህቴ፣ ወደ ጣሪያው። «ለቁማር ሽማግሌ ተላከብኝ።» ከዚያ ዞር አለች። «ሽማግሌ ብቻውን ይመጣል እንዴ?»

«ሁለተኛው አብሮኝ ነበር» አለ ጋሼ። «ኤርፖርት ተራው ደረሰና ሄደ።»

እህቴ ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች፤ ትከሻዋ ግን አሳበቃት። ሳህን አቀረበችለት፤ አልነካም። «ጉዳዬ ሳይመለስ አልቀምስም» አለ። ሳህኑ መሃላቸው እየቀዘቀዘ ቆየ። እህቴ እጇን በመሃረብ አደራርቃ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች።

«ለምን ተነሳህ?» አለችኝ።

«ጋሼ ገባ።»

«ያ ሁሉ ነገር እያለ?»

«አየሁት፣ ተነሳሁ። ሌላ የለውም።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። በዚያ ቤት ውስጥ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም፤ ያሳደገችው ልጅ መሆኔን ልታረጋግጥ የፈለገች ይመስል ነበር። «እሺ» አለች በመጨረሻ ለጋሼ። «ታላቅ ሰው ለምኖኝ እምቢ አልልም። እስከ ፋሲካ።»

የምፈልገው ነገር በእጄ ገባ። አምስት ወር። ሌላ ቅዳሜ፣ ሌላ ወንበር። የቅዳሜውን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር፤ ያነቃኝም ንጉሦቹ አልነበሩም። ሴትየዋ ናቸው። ሰላሳ ዓመት ያላዩትን በር እኔ በሦስት ዓመት ውስጥ አውቄዋለሁ፤ ቡናማ ነው፣ ከታች በኩል የምግብ ጋሪ ሲመታው ቀለሙ ተልጧል፣ ሲከፈት ሁለት ጊዜ ነው የሚንቋቋው። የጠራጊውን ጫማ አውቃለሁ። አዳይዋ ሰኞ ሰኞ ፀጉሯን እንደምትሠራ አውቃለሁ። አረንጓዴ ጃኬቱ ፈርቶ ቺፑን በገፋባት፣ የሦስት ዓመት ድካሜ መልስ በሚያገኝባት ደቂቃ፣ እኔ ማን ገባ ብዬ ቀና ብያለሁ። ጋሼ ባይመጣ ካፖርት የተሸከመ ሌላ ሰው አይ ነበር። መነሳቴ ያሳጣኝ የአንድ ዙር ካርታ ብቻ ነው። ማየቴ ግን ላስ ቬጋስም ድረስ አብሮኝ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ በሮቹ ብዙ ናቸው። ተጫዋች ሆኜ ሳይሆን ተጫዋቾቹን ለማየት ነው የተቀመጥኩት። ያንን ሳውቅ አላለቀስኩም። ደስም አላለኝም። ጫማ እንደጠበበህ ስታውቅ የሚሰማህ ዓይነት ነገር ነው።

«አይ» አልኩ።

ሁለቱም ዞሩ።

«ጃንዋሪ እገባለሁ። ኮሌጅ።»

«እስከ ፋሲካ ብዬሃለሁ እኮ!» አለች እህቴ፣ እንደ ተቆጣች። እሷ ራሷ የምትፈልገውን ስለሰጠኋት የተቆጣችብኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ዓይኗ ሞላ፤ ተነስታ ድስቱን ያለ ምክንያት አማሰለች።

ጋሼ ጠረጴዛው ላይ እጁን ዘርግቶ ከኔ ወደ እህቴ፣ ከእህቴ ወደኔ አየ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ተሳክቶለት፣ የተላከለት ሰው እምቢ ሲል አጋጥሞት አያውቅም።

«አንቺ» አለኝ፣ ድምፁ ወደ ድሮው ተመልሶ። «አሁን ይሄን ከረባት ማሰር ስንት ሰዓት እንደወሰደብኝ ታውቂያለሽ?»

እህቴ እየሳቀችም እያለቀሰችም ሳህኑን ከፊቱ አንስታ ትኩስ ጨመረችበት። ጋሼ ከረባቱን ፈታ፣ ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ እጅጌውን ሰብስቦ መብላት ጀመረ።